ስምንት ክንድ

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ አማከለች መገነዣቸውን ፀሐይ እንዲመታው አዘዙ። በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ነገሩ የሚያስደነግጥ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን ጥቅምት በገባ ቁጥር የሚሠራ ሥራ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የመንዝ ሰማይ ጥርት ሲል የቆርቆሮው ሳጥን ከአልጋ ሥር ይጎተታል፣ ነጩ ጨርቅ ይወጣል፣ አጥሩ ላይ ሲናፈስ ይውልና ሳይመሽ ታጥፎ ይመለሳል። ዘንድሮ የተለየው ነገር ባለቤቲቱ ከጳጉሜ ወዲህ ከአልጋ አለመውረዳቸው ነው። ሐሙስ ዕለት የንስሐ አባታቸው መጥተው ኑዛዜያቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ዓይናቸው ከጨለመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እጃቸው ግን ዳስሶ የማያውቀው ነገር የለም። «ማታ ስታስገቢው እጄ ላይ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ ሳጥን ውስጥ አይግባ፤ ትራሴ ሥር ይሁን» አሉ፣ ስለ ሽሮ የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው።

ልጃቸው ጥሩሸዋ ሳጥኑን ከፈተች። ከላይ ያለው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ የአባቷ ፎቶ፣ ያረጀ የቀበሌ መታወቂያ፣ መቁጠሪያ። ከሥር ያለው ነጭ ጨርቅም አለ። አለ፣ ግን ያ አይደለም። ያነሳችው ነገር ወፍራም የፋብሪካ ጋቢ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ጥለት አለው፣ ጥጉ ላይ የሱቅ ወረቀት እንደተለጠፈበት ነው። እናቷ ከአልጋው ላይ ሆነው «አገኘሽው?» አሉ። «አዎ» አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አታውቅም፤ ቃሉ ቀድሟት ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚመለስበት መንገድ ስላልነበረ ጋቢውን ይዛ ወጣችና አጥሩ ላይ ሰጣችው። እናቷ ጨርቁ በነፋስ ሲርገበገብ ከቤት ሆነው መስማት ይወዳሉ።

ያ የጠፋው ጨርቅ ስምንት ክንድ ነው። ወይዘሮ አማከለች ድንክ ሊባሉ ትንሽ የቀራቸው አጭር ሴት ናቸውና ሸማኔው በጊዜው ገርሞት ይህ ሁሉ ለማን እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸው የፈለጉት ከራስ እስከ እግር ጥፍር ወርዶ፣ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ የሚመለስ መገነዣ ነው። ጥጡ ከቆላ በአህያ ተጭኖ የወጣ ነው። ሁለት ሁዳዴ ሙሉ በእንዝርት ፈትለውታል፤ ክሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ሸማኔው እየበጠሰባቸው ሁለት ጊዜ ተጣልተዋል። ይህም ቢሆን ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያውን በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከታች ከቆላ ስትወጣ መንገድ ላይ ወድቃ ለቀረች አንዲት ሴት ሰጥተውታል። የሴትዮዋን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በራሳቸው እጅ ነው የገነዟት፤ ጥሩሸዋ ያኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና እግሯን ይዛለች፤ እግሩ ምን ያህል ቀላል እንደነበረ እስካሁን አይረሳትም። ወይዘሮ አማከለች ስለዚያች ሴት ሲያወሩ አዝነው አያውቁም። በዕድሜያቸው ከሠሩት ሁሉ እሷን በመቅበራቸው ደስ ይላቸዋል። የሚቆጫቸው ስሟን ሳያውቁ መቅረታቸው ብቻ ነው፤ ቄሱ ስም ካልጠሩላት ጸሎቱ የሚደርሳት አይመስላቸውም።

ጨርቁን ማን እንደወሰደው ለማወቅ ጥሩሸዋ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ታናሽ ወንድሟ ፈለቀ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ባለፈው ዓመት ከተማው ሙዚየም ይኑረው ሲባል የአሰባሳቢ ኮሚቴው ሊቀመንበር አድርገው መረጡት። ግንቦት ላይ እሷ ገበያ በዋለችበት ቀን መጥቶ ለእናቱ አሮጌ ዕቃ ካለ ለታሪክ ስጪ ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ከምድጃው ወዲያ ጥግ ላይ ያለውን ውሰድልኝ፣ ምን ያደርግልኛል ብለውት አሮጌ የበግ ጠጉር ዝተትና ስልቻ ይዞ እንደሄደ ለጥሩሸዋ ነግረዋታል። እሷም ያን ዕለት ብል ከቤቴ ወጣልኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሳጥኑን ከፍቶ እንደነበር ግን ማንም አልነገራት። እሱም ቢሆን የከፈተው ሌላ አሮጌ ነገር ፍለጋ እንጂ በክፋት አይደለም። በዚያ ቤት ወግ መገነዣ የሚነገረው ለሚገንዘው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ልጅ ካወቀ እናቱን በቁሟ እንደሞተች አድርጎ ያያታል ይላሉ ወይዘሮ አማከለች። ስለዚህ ጥሩሸዋ ታውቃለች፣ ፈለቀ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ እናቱ አልጋ ሥር ያለውን ነገር ሳያውቅ ኖሮ፣ ባገኘውም ቀን ኩታ መሰለው።

ጎረቤቷን ተሾመችን አደራ ብላ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። የፈለቀ ቤት ከሚያስመኙት የኪራይ ቤቶች አንዱ ነው፤ ሦስት ክፍል፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ዳንቴል የለበሰ ሶፋ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቁም ሳጥን። ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ የሠርጉ ፎቶ ይሰቀልበት በነበረው ምስማር ላይ፣ ሙዚየሙ ሰኔ ላይ ሲመረቅ የተሰጠው የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል። ፈለቀ በቱታ ሆኖ ፈተና እያረመ ነበር። ሚስቱ ሻይ ይዛ መጣች፤ ስኳር ስለ መወደዱ፣ ዘይት ስለ መጥፋቱ አወሩ። ጥሩሸዋ ሻዩን አልነካችውም። ስለ ጋቢው ስትጠይቀው ፊቱ በራ። በሁለት ሺህ አራት መቶ ብር እንደገዛው፣ እናታቸው አሮጌውን ለታሪክ ስለሰጡ አዲስ ሊያለብሳቸው እንዳሰበ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ በበዓል ሊነግራቸው ብሎ እንደረሳው ነገራት። ይህን ሲል ከልቡ ደስ ብሎት ነበር፤ ጥሩሸዋን የቆረጣትም ይህ ደስታው ነው።

«መገነዣዋ ነው የወሰድከው» አለችው።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚስቱ ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ፈለቀ ቀይ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ቃሉ በቂ ነው።

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሷ ታውቃለች» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ ማን ነገረኝ፣ እትዬ?»

እውነቱን ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሁለቱም ተቃቅፈው ባለቀሱ ነበር። እሱ ግን መናገሩን ቀጠለ። ዕቃው በመዝገብ ቁጥር አርባ ሰባት ተብሎ መግባቱን፣ ከዞን የመጡ እንግዶች ፊት ንግግር ያደረገበት መሆኑን፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ስጦታውን መልሱልኝ ቢል ተማሪዎቹ ምን እንደሚሉት አስረዳት። አንድ ሌላ ነገርም ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ዓይኑን ከፈተናው ወረቀት ላይ ሳያነሳ ጥሩ አቡጀዲ ገዝተን ብናስቀምጥላት ምን አለበት አለ። ከዚያም «ደግሞ አታይም እኮ» አለ።

ጥሩሸዋ ተነሣች። እናቷ በጣታቸው ክር ለክር ለይተው ፈትሉ የማን እንደሆነ በስም የሚጠሩ ሴት ናቸው፤ ይህን ከሆዳቸው የወጣ ልጅ አለማወቁ ከመገነዣው በላይ አመማት። ደህና ዋል ሳትለው ወጣች።

ገበያው ሞልቷል። ከጓሳ የወረዱት በግ ነጂዎች መንገዱን ዘግተው ይደራደራሉ፤ አንድ ሙክት አሥራ አራት ሺህ ጠርተውበት ገዢው ዘጠኝ ሺህ ብሎ ሁለቱም በቁጣ ይሳሳቃሉ። ጥሩሸዋ በየቅዳሜው የተፈተለ የበግ ጠጉርና ከእሱ የተሸመነ ባና የምትሸጥበት ቦታ ባዶውን ቆይቷታል። አጠገቧ ያለችው ጨርቅ ሻጯ ሲዲቃ፣ ከቆላ በየሳምንቱ በአይሱዙ የምትወጣ ናት፤ የአማከለችን ጥጥ በአህያ ያመጡት የሲዲቃ እናት ነበሩ። የት ቆየሽ ብላ ልትቀልድባት አፏን ከፍታ የጥሩሸዋን ፊት ስታይ ዘጋችው። ጥሩሸዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት። ሲዲቃ ምንም ማብራሪያ አልጠየቀችም፤ ከፈንም ተባለ መገነዣ መቼም አንድ ነው። አንዲት ደንበኛ ስለ ሻርፕ ዋጋ ትጨቃጨቃት ነበርና ባለችው ዋጋ ሰጥታ አሰናበተቻት። «ሂጂ፤ አሁኑኑ ሂጂ። ጀንበር ሳትጠልቅ አድርሺላት» አለች። በዚያ ቀን ነገሩ ቶሎ የገባት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ሙዚየሙ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ቢቀባም ገብስ ገብስ መሽተቱን አልተወም። መግቢያው ለአገር ሰው ሃያ ብር፣ ለውጭ ዜጋ ሁለት መቶ ብር ነው፤ እስካሁን የመጣው የውጭ ዜጋ አንድ ሲሆን እሱም ሽንት ቤት ጠይቆ ነው የሄደው። ገበያ የወጣው የገጠር ሰው ግን ሃያውን ብር ከፍሎ ይገባል፤ ገብቶም የራሱን ዕቃ አይቶ ይስቃል። ጥሩሸዋ ስትገባ ሁለት ባልቴቶች የድንጋይ ወፍጮው ፊት ቆመው እኛ ቤት ያለው ከዚህ ይበልጣል፣ ሂደን በነገርናቸው እየተባባሉ ነበር። ጋሻ አለ፣ ኮርቻ አለ፣ አንገቱ የተሰበረ ጋን አለ፣ ፊደሎቹ የረገፉ የጽሕፈት መኪና አለ፤ የጓሳን የጋራ ሣር በየወቅቱ ሲያዘጉና ሲያስከፍቱ የኖሩ ሽማግሌዎች ፎቶ አለ፤ ሁሉም የሞቱ ናቸው። በየዕቃው ሥር በጥሩ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት በፕላስቲክ ተለብጦ ተለጥፏል። የቤታቸውን ዝተትም አገኘችው፤ እሷ ራሷ የጠቀመችው ጥግ ወደ ፊት ዞሮ «ጥንታዊ አሠራር» ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሣቅ ትሞት ነበር። ተጣጥፈው የተቀመጡትን ጨርቆች አንድ በአንድ አየች፤ የእናቷ የለም።

የሙዚየሙ ባለሙያ አንዷለም ይባላል፤ ታሪክ የተማረ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከቀየት የመጣ ልጅ ነው። ወረቀቶቹን ሁሉ የጻፈው እሱ ነው፤ አቧራውን የሚጠርገውም፣ ትኬት የሚቆርጠውም እሱ ነው። ቁጥር አርባ ሰባትን አሳየኝ ስትለው ደስ አለው፤ እስከዛሬ በቁጥር የጠየቀው ሰው የለም። «ይምጡ፣ ይምጡ» ብሎ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይዟት ገባ። ክፍሉ መሃል ላይ፣ በቀይ ምንጣፍ የተሸፈነ ሣንቃ ላይ፣ ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የሚቆሙት ዓይነት ረዥም አሻንጉሊት ቆማለች። ከደብረ ብርሃን ነው ያመጧት። አፍንጫዋ የተጫረ ነው፤ ከንፈሯን አንድ ሰው በቀይ ቀለም አድምቆላታል። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ደረቱና ጫፉ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክር ተጠልፏል፤ ወገቧ በመቀነት ታስሯል። ሥሯ ያለው ወረቀት «የመንዝ ሙሽራ፣ የጥንት የሠርግ ልብስ፤ ስጦታ ከአቶ ፈለቀ» ይላል። ሦስት ተማሪዎች በየተራ አንገቷን እያቀፉ በስልክ ፎቶ ይነሣሉ። ጥሩሸዋ መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም፤ ሌላ ጨርቅ ስትፈልግ ዓይኗ ዞረ። ከዚያ ቀረብ ብላ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። መንካት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ነበር፤ አንዷለም ግን ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ ዝም አላት። ፈትሉን ጣቷ አወቀው።

እንዴት እንደተሰፋ ጠየቀችው። አንዷለም ከመጠየቁ የተነሣ ፊቱ ትንሽ ቀላ፤ ወረቀቱ ላይ ጥንት ብሎ የጻፈው ቀሚስ የተሰፋው ሰኔ ላይ ነውና። ጨርቁ ግን በእውነት የቆየ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ቀጭን ፈትል ከእንግዲህ እንደማይገኝ፣ ለምረቃው ቀን አንድ ለዓይን የሚሞላ ነገር ስለተፈለገ ኮሚቴው ተነጋግሮ ገበያ መሃል ላለው ልብስ ሰፊ እንደሰጠው ነገራት። ጋሼ ፈለቀም ተስማምተው ነው አለ። ፈለቀ አፉን ከፍቶ የተወው ነገር ይህ ነበር።

«በኩታነቱ ልናሳየው አስበን ነበር» አለ አንዷለም፤ «ግን በጣም ረዘመብን። ለኩታ እንዲህ አይረዝምም፤ ለጋቢም አይሆንም፣ ድርብ አይደለም። ለምን እንዲህ እንደረዘመ ብንጠይቅ የሚያውቅ ሰው አጣን።»

ጥሩሸዋ ለምን እንደረዘመ ነገረችው። ቀስ ብላ ነው የነገረችው፤ ተማሪዎቹ እንዳይሰሙ። ልጆቹ ሲሥቁ፣ ባልቴቶቹ በዚያኛው ክፍል ስለ ወፍጮው ሲከራከሩ፣ አንዷለም ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። ስትጨርስ ሄዶ ተማሪዎቹን በቃ ዛሬ ፎቶ የለም ብሎ አስወጣቸው፣ በሩንም መለሰው። እሱም አያት አለችው፤ የእሷ ሳጥን ውስጥ ያለውን ዕቃ በዓይኑ ሲያይ ኖሮ ምንነቱን ዛሬ ነው ያወቀው። ቀሚሱ ይፈታ እንደሆነ ጠየቃት፤ ለመዝገቡም፣ ለኮሚቴውም በኋላ እኔ መልስ እሰጣለሁ አለ። ጥሩሸዋ አሻንጉሊቷን ዞራ አየቻት። የቀሚሱ አንገት በመቀስ ተቆርጧል፣ ክንዱ ተቆርጧል፣ ጥልፉ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ትከሻው ላይ የአንዷ ተማሪ የከንፈር ቀለም አርፎበታል። ይህ ተፈትቶ መገነዣ አይሆንም። ሠርግ የተሠራበት ልብስ ነው እንግዲህ፣ ሙሽራዋ ባትተነፍስም። አሻንጉሊቷ የቆመችበት ሣንቃ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አንዷለም ወደ መጀመሪያው ክፍል ሄዶ አንድ ነገር ሲያነሳ፣ ሲያስቀምጥ ተሰማ። ጠቅልሎ ይዞት የተመለሰው ጨርቅ ቀሚሱ ከተቆረጠ በኋላ የተረፈው ነው፤ ጠረጴዛ አልብሰውት ከላዩ ላይ ዋንጫና ቅል ደርድረውበት ነበር። አሻንጉሊቷ ረዥም ስለሆነች አምስት ክንድ ወስዳለች፤ የቀረው ሦስት ነው። መሃሉ ላይ የቅሉ መቀመጫ ክብ ምልክት ጥሎበታል። «ይሄ መዝገብ ላይ የለም፤ ይውሰዱት። የሚጠይቀኝ የለም» አላት። በር ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ልቀይረው ወይ ብሎ ጠየቃት። ምን ብለህ ትጽፋለህ አለችው።

ፈለቀ ከሙዚየሙ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። ቱታውን ለውጦ ኮትና ከረባት አድርጓል፣ ባርኔጣም ደፍቷል፤ ገብቶ ስጦታውን መልሱልኝ ሊል ቆርጦ የመጣ ሰው አለባበስ ነው፤ እግሩ ግን ከደጁ አላለፈም። የያዘችውን ጨርቅ አየ፣ ማነሱንም አየ። ጥሩሸዋ አጠገቡ አልፋ መንገድ ጀመረች፤ እሱም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተላት። ገበያው እየተበተነ ነበር። ተማሪዎቹ እንደምን ዋልክ ቲቸር ሲሉት በእጁ ብቻ መለሰ። ያልተሸጠ በጉን እየጎተተ የሚመለስ ገበሬ አቋርጧቸው አለፈ፤ ቁንጥጥ የሚያደርግ የጥቅምት ብርድ ከጓሳ በኩል መውረድ ጀምሯል። ወደ ቤት በሚያስገባው ቅያስ ላይ ሲደርሱ «ቀሚስ እንዳደረጉት አውቅ ነበር» አለ። ሰምታዋለች። የምትመልስለት ብዙ ነበራት፤ መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው ነው የመጣችው። እናቷ ፊት ነው የምትናገረው፤ አንድ በአንድ፣ ማን ከፈተ፣ ማን ሰጠ፣ ማን አስቆረጠ ብላ። እሱ ደግሞ ቆሞ ይሰማል።

ተሾመች ተሰናብታ ወጣች። ጋቢው አጥሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ፀሐዩ ሊጠልቅ ተቃርቧል። ወይዘሮ አማከለች የልጃቸውን እርምጃ ለይተው አስገባሽው ወይ አሉ። ሁለተኛውንም እርምጃ ለዩት፤ ፈለቀ ነህ አሉ፣ ደስ አላቸው፤ ቅዳሜ ቀን አይመጣምና። ጥሩሸዋ ጨርቁን እጃቸው ላይ አደረገች። አሮጊቷ በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው የሕመም ቁጥርጥር ፈታ ሲል ሁለቱም አዩት። «ይቺ ናት» አሉ። ከዚያ፣ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት፣ በክንዳቸው ይለኩ ጀመር። አንድ። ሁለት። ሦስት። እጃቸው አራተኛውን ፍለጋ ሄዶ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ። ተመልሰው ከመጀመሪያው ለኩ። የተቆረጠውን ጫፍ አገኙት፤ በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን በጣታቸው ዳር ተከትለው እስከ መጨረሻው ሄዱበት።

ጥሩሸዋ ያሰናዳችው ነገር አፏ ላይ ነበር። ፈለቀ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ምሰሶው ሥር ቆሟል።

«ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ አማከለች። የሚመልስላቸው ሲያጡ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እንዳልሰማ ብላችሁ ነው። ማንን ገነዛችሁበት?»

ጥሩሸዋ ወንድሟን አየችው፤ እሱም አያት። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና የያዘችው ያ ቀላል እግር ትዝ አላት። ፈለቀ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከሩቅ ቆሞ አይቷል።

«አንዲት ሴት ናት እማዬ» አለ ፈለቀ።

«ዘመድ የላትም?»

«የላትም።»

«ከየት መጣች?»

«ከደብረ ብርሃን።»

ወይዘሮ አማከለች ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ባያይም ወደ ድምፁ ዞሮ ነበር፤ እንባ ሞልቶታል፣ ፊታቸው ግን የደስታ ፊት ነው። ከአልጋ ከወደቁ ወዲህ ምንም ሳልሠራ ባዶ እጄን ልሄድ ነው እያሉ ሲፈሩ መክረማቸውን ነገሯቸው። ለካ ተኝተውም ሰው ቀብረዋል። አንቺ ነሽ የገነዝሻት ብለው ጥሩሸዋን ጠየቋት፤ እሷም እንደ ጠዋቱ ቃሉ ቀድሟት አዎ አለች። «ስሟስ?» አሉ ወዲያው፤ «የዚያችኛዋ ስም አምልጦኛል፤ የእሷን እንኳ ልያዝ። ለአባ ነግሬ አስጠራታለሁ።» ፈለቀ እዚህ ላይ ደረቀ። ባርኔጣውን አየው፣ እህቱን አያት። ጥሩሸዋ ለእሱ ብላ አይደለም የተናገረችው።

«ለተሥላሴ» አለች።

«ለተሥላሴ» ብለው ተቀበሏት ወይዘሮ አማከለች፤ እንዳይጠፋባቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ነፍስ ይማር አሉ። ጣታቸው የተቆረጠውን ጫፍ አሁንም አልለቀቀውም። «አምስት ክንድ ወሰደች። ረዥም ነበረች?»

«ረዥም ናት እማዬ» አለ ፈለቀ።

«እንግዲያው እንኳን ደረሳት» አሉ። «ለእኔ ይቺ ለፊቴ ትበቃለች።» ሦስቱን ክንድ አጣጥፈው ራሳቸው ትራሳቸው ሥር ከተቱት፣ ወደ ግድግዳውም ዞሩ።

ጥሩሸዋ ወጣች። ጋቢው በብርዱ ረጥቦ ከብዷል። አንድ ሰው ብቻውን ሊያጥፈው የማይችል ትልቅ ጋቢ ነውና ጫፉ መሬት እንዳይነካ ስትታገል ፈለቀ መጥቶ በዚያኛው በኩል ያዘላት። ዘረጉት፣ ወጠሩት፣ እጥፍ አድርገው ተጠጋጉ፤ ጥግ ከጥግ ሲያገናኙ እጃቸው ተነካካ። አልተነጋገሩም። የሱቁን ወረቀት በጥፍሯ ልጣ አነሳችና ጋቢውን ይዛ ገብታ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው።